በመሐላ የታሰረ ምራቅ

እናቴ ሥራዬን ለሰው ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የጎረቤቶቻችን ልጆች አንዱ መሐንዲስ ነው፣ አንዷ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ አንዱ የራሱ ወፍጮ ቤት አለው። ይህ ሁሉ ደብረ ታቦር ገበያ መሀል ጮክ ተብሎ ይነገራል። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን «ዶክተር ናት» ትልና ነገሩን እዚያው ልትቋጨው ትሞክራለች። ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ ሁሉም የሚያመው ነገር አለው። «የምን ዶክተር?» ይሏታል። «እሷ እንኳ አታክምም፣ ታጠናለች።» «ምን ታጠናለች?» እዚህ ላይ እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ግራ ቀኙን ታያለች፣ ከዚያ «ምራቅ» ትላለች።

ውሸቷን አይደለም። የማጠናው በዘር የሚወርድ በሽታን ነው። አንድ ሕመም ለምን በአንድ ቤት ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ እመረምራለሁ። ለዚህም ከእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ዘረመሉን የያዘ ጥቂት ናሙና ያስፈልገኛል። ደም ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በደጋው መንደር ለመንደር እየዞርሽ ደም ስጡኝ ስትዪ የሚጠብቅሽ መልስ አንድ ነው፤ ውሻው ይለቀቅብሻል። ምራቅ ግን ሳያም ይገኛል። አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ የነገሩን እንዲህ ነበር፦ ሰውየው ብልቃጡን ይቀበላል፣ እስከ መስመሩ ድረስ ይተፋል፣ ክዳኑን ትዘጊያለሽ፣ አበቃ። ያሠለጠነን ሰው ከከተማው ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኛ አገር የተከበረ ሰው ምራቁን የዋጠ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ፊቱ ቆሜ ያንን የዋጠውን አውጣልኝ እለዋለሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ጾም ሲሆን ገበሬው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉ ደርቆ ይውላል። የቆረበ ሰው በዚያን ቀን አይተፋም። በረመዳን ደግሞ የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎች ብልቃጤን ሲያዩ ሱቃቸውን መዝጋት ይቃጣቸዋል። አለቃዬ በየሩብ ዓመቱ ሥራው ለምን እንደዘገየ ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ «ሁዳዴ» ብዬ መለስኩለት፤ ያሾፍኩበት መስሎት ተቆጣ። አላሾፍኩም።

ከሁሉ የባሰው ግን ምርቃቱ ነው። በእኛ በኩል ሽማግሌ ሰው ዝም ብሎ አይተፋም። መርቆ መርቆ መጨረሻው ላይ «እንትፍ» ሲል ነው ምርቃቱ የሚጸናው። መጀመሪያ ይፋግ ላይ ብልቃጥ የሰጠኋቸው አሮጊት በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ውለጂ ክበጂ ብለው ረጅም ምርቃት አወረዱብኝ፤ ከዚያ ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉና ብልቃጡን ንጹሕ አድርገው መለሱልኝ። ስንት ዓመት የተማርኩለትን ናሙና በመሐረብ ጠርጌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ ነው አንዲት ልብስ ሰፊ ከሐሙሲት ተሳፍራ ደብረ ታቦር ቢሮዬ ድረስ የመጣችው። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትሯን እንደ አንገት ልብስ ጣል ያደረገች ሴት ናት። ረስታው ነው የመጣችው። ቁጭ እንዳለች ወደ ነገሩ ገባች።

«ዶክተር፣ እኛ ቤት ዳፍንት አለ» አለችኝ።

ዳፍንት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዐይን አላይ ይላል። በዚህች ሴት ቤት ግን በዚያ አያበቃም። አያቷ በጎልማሳነታቸው ማምሻውን መደናበር ጀመሩ፤ ኋላ ዐይናቸው ጨርሶ ጠፋ። አጎቷም እንደዚሁ ሆነው ሞቱ። አባቷ በሕይወት አሉ፤ ዐይነ ስውር ናቸው። አሁን ደግሞ እሷ መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት እያቃታት ነው።

«ባሕር ዳር ዐይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ለጊዜው ደህና ነሽ፣ የወደፊቱን አላውቅም አለኝ» አለች። «እኔ ደግሞ የምፈልገው የወደፊቱን ነው። ዐይኔ ከጠፋ ስፌቱ ጠፋ። የኔስ ይሁን፤ ልጆቹ አሉ።»

ከአርባ ዓመት በኋላ የመርፌ ቀዳዳ የማይጠፋው ሰው እንደሌለ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። የእሷን ምራቅ ወሰድኩ። ከዚያ ዋናውን ነገር አስረዳኋት። በሽታው የሚመጣው በሰውነታችን ውስጥ ባለ በጣም ረጅም ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ነው። ስሕተቷ የት ቦታ እንዳለች የማገኘው ግን በሽታው ካለበት ሰው ነው። መጀመሪያ በአባቷ ላይ አገኛታለሁ፣ ከዚያ እሷ ላይ ትኑር አትኑር አያለሁ።

«ስለዚህ የአባትሽ ምራቅ ያስፈልገኛል» አልኳት።

ሴትዮዋ አየችኝና ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«የአባቴ ምራቅ? ለኔ?» አለች። «ዶክተር፣ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያገኘዋል፤ እኔ ግን አላገኘውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ከጉና ተራራ ሥር ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ምርቃታቸው ይደርሳል የሚባልላቸው ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አካባቢ እሳቸው እንትፍ ያላሉበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ልጃቸውን ለወዳጃቸው ልጅ ለመስጠት ቃል ገብተው፣ ድግሱ ተደግሶ፣ ጠላው ደርሶ፣ ልጅት ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር ወደ ሐሙሲት ሄደች። ረዳቱ ለእናቷ ዘመድ ቀብር ሰው ጭኖ አንድ ጊዜ እስከ መንደሩ ሥር መጥቶ ነበር፤ ያቺ አንድ ጊዜ በቃች። አባት በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ በነፍስ አባታቸው ፊት፣ «ምራቄ ግንባሯን ላይነካ!» ብለው ማሉ።

«የኔን ሰርግ የመረቀው የሚኒባሱ ሹፌር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ቤት ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። ትልቁ ልጇ አሁን ከእሷ ቁመት በልጧል።

እኔ የቤተሰብ ጠብ የማስታርቅ ሰው አይደለሁም። የራሴንም አልችለውም። ምራቅ ብቻ ነው የምፈልገው ብዬ በሳምንቱ ወደ ጉና ተነሳሁ። ሚኒባስ እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ፣ ገብሱ መሀል እየተንሸራተትኩ ወጣሁ።

ሽማግሌው በትልቁ ልጃቸው ቤት መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ይህን የምጠቅሰው ለስድብ አይደለም፤ ለነገሬ ስለሚያስፈልግ ነው። ሲናገሩ ምራቃቸው እንደ ካፊያ ይወርዳል። አጠገባቸው ነበርኩና የመጀመሪያውን ሰላምታ እንደጨረሱ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።

«ምራቄን ለምን ፈለግሽው?» አሉኝ።

«ዳፍንቱ በዘር የሚወርድ እንደሆነ ለማየት ነው፣ አባባ።»

«ይኸንማ እኔ ልንገርሽ፤ ይወርዳል። በይ እህል ቅመሽና ሂጅ።»

እንደገና መነጽሬን ጠረግኩና በደንብ አስረዳሁ። ከማን ጋር እንደማስተያየውም ደበቅ አላደረግኩም፤ ልጃቸው እንደላከችኝ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ «የነፍስ አባቴን ከጎረቤት ጥሩልኝ» አሉ። ቄሱ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ ጉዳዩን ሲሰሙ ለመቀመጥ እንኳ ቸኮሉ። በመንደሩ እንዲህ ያለ ክርክር በየቀኑ አይገኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ሽማግሌው። «እዚያ ላብራቶሪ የምትይው ቤት ውስጥ፣ የኔና የሷ ምራቅ ይገናኛል?»

እኔ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ደስ አለኝ። የአንዱ ናሙና ከሌላው እንዳይነካካ የማደርገው ጥንቃቄ የሥራዬ ኩራት ነው። መሐላቸውን ፈርተው ነው ብዬ አሰብኩና ላረጋጋቸው ተነሳሁ።

«በፍጹም አይገናኝም፣ አባባ! የእርስዎ በእርስዎ ብልቃጥ፣ የሷ በሷ ብልቃጥ ነው። በየመሀሉ ጓንት እንቀይራለን።»

«አንድ ጠብታም?»

«አንድ ጠብታም።»

«በአንድ ቤት ግን ያድራሉ።»

«ከፈለጉ በተለያየ ማቀዝቀዣ አሳድራቸዋለሁ» አልኩ። ቸርነቴ ለራሴም ገረመኝ።

ሽማግሌው በትራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። «እንዲያው በመጨረሻ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል ይባላል። እዚያ ውስጥስ አይነካኩም?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ምራቅ አይገባም፣ አባባ፤ ይበላሻል» ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያ ይቅርብኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቄሱ አዩኝ። አንዲት ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ግን የንስሐ ልጃቸውን ምሥጢር አደባባይ የሚያወጡ ሰው አይደሉምና ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። እኔም ባዶ ብልቃጤን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ንድድ ብሎኛል። እኝያ ሰውዬ እምቢታቸውን ተናግረው እስኪጨርሱ ሸሚዜ ላይ ብቻ ለአንድ ዓመት ጥናት የሚበቃ ምራቅ አርፎብኛል፤ አንዱም ግን አይረባም።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ መነጽሬን አወለቅኩ። መስታወቱ ላይ አሁንም የእሳቸው ጠብታዎች ነበሩ። በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግኩ ጥያቄያቸውን በሐሳቤ ደገምኩት፦ ይገናኛል? አንድ ጠብታም? በአንድ ቤት ያድራሉ? ኮምፒውተር ውስጥስ? የፈራ ሰው እኮ አንድ ጊዜ አይገናኝም ከተባለ ይበቃዋል። እኝህ ሰው ግን እኔ አንዱን በር ስዘጋባቸው ሌላ በር ሲፈልጉ ነበር። መሐላቸውን ሳያፈርሱ ልጃቸውን የሚነኩበት ቀዳዳ ነበር የፈለጉት። እኔ ሞኟ በማቀዝቀዣ ደፈንኩባቸው!

«ወራጅ!» ብዬ ጮኽኩ። ሹፌሩ ሜዳ መሀል አቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ግራ ቀኙን አየና «እዚህ ምን አለ?» አለኝ። ምንም አልነበረም፤ የሚመለስ መኪናም አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በሐዘኔታ ሲያየኝ ሄደ።

በቀጣዩ ረቡዕ ተመልሼ ወጣሁ። ዛሬ ቄሱ ሳይጠሩ ቀድመውኝ ደርሰዋል።

«አባባ፣ ባለፈው ተሳስቼ ነው የነገርኩዎ» አልኩ። «ይገናኛሉ።»

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ። «የት?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ። ምራቁ ሳይሆን፣ በምራቁ ውስጥ ያለው ጽሑፍ። የእርስዎ ከላይ፣ የሷ ከሥር ሆኖ፣ ፊደል በፊደል ይደረደራል።»

«የኔ ከላይ?»

«ከላይ።»

ይህ ደስ አላቸው። «አገናኙ ማነው? እኔ ነኝ?»

«ማሽኑ ነው።»

ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ማሽን መሐላ ይይዘዋል?»

ቄሱ ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። ዛሬ ለመፍረድ ተዘጋጅተው እንደመጡ ያስታውቃሉ። «ማሽን አልተጠመቀ» አሉ በመጨረሻ። «መሐላ አይይዘውም። ደግሞ አንተ የማልኸው ግንባሯን ላይነካ ብለህ ነው። ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ግንባር አለው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

«የለውም፣ አባ» አልኩ።

«እንግዲያው አይከለክልም።»

እኔም ካነሳሁ አይቀር የቀረውን ጨመርኩ። «ደግሞ አባባ፣ የልጅዎ ጽሑፍ ግማሹ ከጥንትም የእርስዎ ነው። ስትፀነስ የገባ ነው፤ በመሐላ አይወጣም።»

«ግማሹ?»

«ልክ ግማሹ።»

ሽማግሌው «ግትርነቷ ይሆናላ» አሉ። ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ይኸኔ ደግሞ ምራቅ ጠፋ። ሰውን ሁሉ ሲያጠምቁ የኖሩት ሰው፣ ብልቃጥ ሲይዙ አፋቸው ድርቅ አለ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። በሥልጠናችን ላይ ለደረቀ አፍ ስለ ሎሚ አውሩለት ተብለን ነበር። ስለ ሎሚ ማውራት ጾም ይገድፍ እንደሆነ ቄሱን ጠየቅኩ። ማውራት አይገድፍም አሉ። አወራሁ፦ ቢጫ ሎሚ፣ ገና ከዛፉ የወረደ፣ በቢላ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ነስንሰውበት፣ ውኃው በጣት ላይ ሲወርድ። ሽማግሌው ዋጥ አደረጉ። ቄሱም ዋጥ አደረጉና «ይበቃል፣ ይበቃል፤ ገና ቀትር አልሆነም» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ያለ ምርቃት አንዲት ጠብታ ከአፋቸው አትወጣምና ለእያንዳንዷ ጠብታ ምርቃት ተፈለገላት። «እህሉን ይባርክ፣ እንትፍ! ከብቱን ያርባ፣ እንትፍ! አገሩን ሰላም ያርግ፣ እንትፍ!» አረፋው ከመስመሩ በላይ ወጣ፤ አረፋ ግን አይቆጠርም፤ ረጋ ሲል ገና ከግማሽ በታች ነው። «ይጨምሩ፣ አባባ» እላለሁ። «ይችን ልጅ ደህና ባል ይስጣት፣ እንትፍ! ማሽኗን ይባርክ፣ መብራት አይጥፋባት፣ እንትፍ!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተመርቄ አላውቅም፤ መብራቱ ግን በማግስቱ ጠፋ።

መስመሩ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ድምፃቸው ዝቅ አለ። ስሟን አልጠሩም።

«ከሥር የምትደረደረዋንም ዐይኗን ያብራላት» አሉ። «እንትፍ።»

ክዳኑን ስዘጋ «አሜን» አልኩ። ሳይንስ ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ልወጣ ስል ከኋላዬ ተጣሩ፦ «ውጤቱን ይዘሽ ስትመጭ፣ አንች ብቻሽን አትምጭ።»

ናሙናዎቹ አዲስ አበባ ሄደው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ውጤቱ እስኪደርሰኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ልብስ ሰፊዋን ቢሮዬ ጠራኋት። ዐይኔ ይጠፋል ወይ ትለኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የአባቷን ጥያቄ ነግሬያት ስለነበር ገና ሳትቀመጥ «ተገናኙ?» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞርኩት። ሁለት ረድፍ ፊደሎች አሳየኋት። «የላይኛው አባትሽ ናቸው። የታችኛው አንቺ ነሽ።» ጣቷን በላይኛው ረድፍ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች፤ ጨርቅ ስትዳስስ እንደምታደርገው። አንዲት ፊደል ላይ ሲደርስ እጇን ያዝኩ። «ስሕተቷ ይቺ ናት። የእሳቸው ላይ አለች። ያንቺ ላይ ግን የለችም። ዳፍንቱ አልደረሰሽም፤ ከአንቺም ወደ ልጆችሽ አይወርድም።»

«መርፌውስ?»

«እሱ ዕድሜ ነው። መነጽር ግዢ።»

አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ዕድሜ በማለቴም ትንሽ ተቀየመችኝ። በሥራዬ ደስ የሚል ውጤት የምነግርበት ቀን ብዙ አይደለም። ያን ቀን ከእሷ ጋር አብሬ አለቀስኩ።

ወደ ጉና አብረን ወጣን። እሷ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ለመመለስ ዞረች፤ በክንዷ ይዤ አስገባኋት። ሽማግሌው መደቡ ላይ፣ ቄሱ ከጎናቸው ናቸው። ልጅት ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሳቸው እጃቸውን ለምርቃት ማንሳት ጀመሩና መሐላቸው ትዝ ሲላቸው መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ዐይንሽስ?» አሉ።

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

«ዳፍንቱ የለብሽም?»

«የለብኝም።»

ተመስገን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በአንድ ጊዜ ቀላ።

«ታዲያ ዐይን ካለሽ ይኸን ሁሉ ዘመን ቤቱ ጠፋሽ?» ብለው ጮኹ። «መንገዱ አልታይ አለሽ? የታወርሁት እኔ ነኝ ወይስ አንች? እኔ መሐላ አሰረኝ፤ አንችን ምን አሰረሽ? እናትሽ ስትሞት የት ነበርሽ? ልጆችሽን ድምፃቸውን እንኳ አላውቀው! ያ ረዳት፣ ያ በር ዘጊ፣ መኪናው እዚህ መውጣት አቃተው?»

ጥርስ የለም፣ ቁጣው አለ፣ የስንት ዓመት ቃል በአንድ ጊዜ ነው የወጣው። ምራቃቸው በተንበረከከችው ልጅ ላይ ይዘንባል፤ ጉንጯ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ፣ ግንባሯ ላይ። ቄሱ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ቄሱ ቀስ ብለው አንገታቸውን አቀኑና የጣራውን ማገሮች መመልከት ጀመሩ።

እኔ እንደ ልማዴ ከቦርሳዬ ሶፍት አውጥቼ ለልጅት ዘረጋሁላት። ሳታየኝ እጄን ገፋችው። ፊቷን እንደረጠበ ወደ አባቷ ይበልጥ አስጠጋች።

«ይቀጥሉ፣ አባዬ» አለቻቸው።